በግድግዳው በኩል ያለው ጎማ

ጋራዡን ጋራዥ ያሰኘው በሩ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ጎማ እንጂ ስፋቱ አልነበረም። አንዲት መኪና ስትገባ ቤቱ ጢም ይላል። በቀኝ በኩል የመሣሪያ ጠረጴዛና ሰው እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለ፤ በግራ በኩል ግን በመኪናዋና በግድግዳው መካከል የሚተርፈው፣ ሰው በጎኑ የሚሾልክባት ቀጭን ክፍተት ብቻ ናት። የግድግዳው ቀለም እዚያ ጋ፣ በተቀመጠ ሰው ትከሻ ልክ፣ ጠቁሯል። ባሏ ጀርባውን አስደግፎ ዓመታት የሠራበት ምልክት ነው።

የእሷ ቦታ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት ነው። የተገለበጠ የዘይት ጣሳ ላይ አሮጌ ትራስ ጣል አድርጋ ትቀመጥና መኪና የሚያነሳውን የክሪክ ረጅም እጀታ ትይዛለች። ሰፈሩ «እትዬ ክሪክ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ምላሰኛ የታክሲ ሹፌር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ተናዳ ሰላምታ ነፍጋው ከረመች፤ ኋላ ግን ነገሩን ተወችው፤ ይባስ ብሎም በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ዘወር ማለት ትረሳ ጀመር።

ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ እጇ ጨርቁን ቀስ እያለ ይገፋል፤ መርፌው ጣት እንዳይበላ ዓይኗ አይነቀልም። ጋራዥ ውስጥ የገባችው የባሏ ጆሮ ሲከዳው ነው።

ጆሮው በአንድ ቀን አልሄደም። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት፤ ቀጥሎ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ፤ በመጨረሻ የራሱ ድምፅ። የራሱን ድምፅ ማጣቱ ነው ጉድ ያፈላው። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ያንሾካሾከ መስሎት፣ «ይሄ ሰውዬ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቷል እንዴ?» ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማ። ፀጉሩን የተቀባው ሰውዬም ጭምር። ከዚያ ወዲህ ባሏ ከቤቱ ውጪ አፉን አልከፈተም። ሰፈሩም ዝምታውን ቁም ነገረኛነት አድርጎ ወሰደውና «ጭምቱ» አለው።

ዓይኑ የደከመ መካኒክ መነጽር ያደርጋል። ሞተር የማይሰማ መካኒክ ግን ማን መኪናውን ይሰጠዋል? ስለዚህ ባልና ሚስት ተማከሩና ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ደንበኛ «ሞተሩ እንግዳ ድምፅ አለው» ብሎ ሲመጣ ጭምቱ ኮፈኑ ላይ መዳፉን ያሳርፋል፤ እሷ ጠጋ ብላ ታዳምጣለች። ፊቱን ሲያዞርላት በከንፈሯ ብቻ «ይንኳኳል፤ ከታች በኩል ነው» ትለዋለች። ደንበኛው መዳፉን አይቶ ይደነቃል። «እጁ ላይ ጆሮ አለው!» ይላል። እሷም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች።

መኪና ሥር ሲሆን ግን ከንፈር አይታይም። ለዚያ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነበራቸው። እሱ በመዶሻ የመኪናውን ሻንሲ፣ አካሏን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ አንዴ ሲመታ፣ ከፍ አድርጊ። ሁለቴ ሲመታ፣ ቁሚ። ሦስቴ ሲመታ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂ። እሷም እጇን ከማንቀሳቀሷ በፊት በብሎን መፍቻ ቁልፍ አንዴ ትመልስለታለች። ብረቱ ድምፁን ይዞ ይሄዳል፤ እሱ በጆሮው ሳይሆን በአጥንቱ ይሰማዋል። መልሷ ካልደረሰው አደጋ እንዳለ ያውቃል፤ መልሷ ባላሰበው ሰዓት ከደረሰው ደግሞ ወዲያው ሁለቴ መትቶ ያስቆማታል። ሳይመልሱ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ይህን ቋንቋ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ኳኳታው የሥራ ኳኳታ ነው የሚመስለው።

ታናሽ ወንድሟ ፒክአፑን ይዞ የመጣው የላይኛው ሰፈር መንገድ በጎርፍ ከተበላ በኋላ ነው። ውኃ ያመላልሳል፤ ጭነቱ በርሜል ነው። ፒክአፑ ጉልበቱ ከኋላ ጎማ ብቻ የሆነ፣ ሆዱ መሬት የሚልስ ዓይነት ነው። ዳገቱ ላይ የፈጠጠው ድንጋይ የሞተሩን ሆድ እየፋቀው ዘይት መንጠብጠብ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ አደራህን፣ ስንዝር ከፍ አድርግልኝ!» አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «ስንዝር! አንበሳ ትምሰል!»

ጭምቱ የሚስቱን ከንፈር አየና ሦስት ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ሦስት ጣት? ጋሼ፣ እኔ ድንጋይ ልሻገር ነው እንጂ ጠጠር ልረግጥ አይደለም!»

«ስንዝር ቢያደርጋት የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል፣ ስትጠመዝዝ ይበጠሳል» አለችው እህቱ፣ ባሏ በሌላ መኪና ጊዜ ያስረዳትን እንደ ራሷ አድርጋ። «ጎማውን የሚይዘው ክንድም ከልኩ በላይ ይንጋደዳል። ሦስት ጣት ካልበቃህ ድንጋዩን ፍለጠው።»

«እታለም፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«አንተ ሾፌር ከሆንክ ወዲህ።»

ሥራው በቃል ሲነገር ቀላል ነው። መኪናዋ በብረት መቆሚያ ላይ ትቆምና የፊት ጎማው ይወልቃል። ከጎማው ጀርባ ወፍራም ጥቅል ሞላ አለ፤ መኪናዋን ተሸክሞ የሚያነጥር። ሞላው ከላይ ሻንሲው ላይ፣ ከታች ደግሞ ከፍ ዝቅ በሚል የብረት ክንድ ላይ ተጨምቆ ተቀምጧል። ክንዱን በክሪክ ደግፈው ከጎማው መያዣ ይፈቱታል፤ ክሪኩን ቀስ ብለው ሲያወርዱት ሞላው ይለቃል፣ ይወጣል። በላዩ መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ፣ ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ወፍራም የብረት ቀለበት ይደረግና ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ክንዱን እንደገና በክሪክ ወደ ላይ መግፋት፣ ሞላውን እንደገና መጨመቅ፣ የክንዱን ብሎን ከጎማው መያዣ ቀዳዳ ጋር አግጥሞ የብሎኑን ማጥበቂያ ዳዶ ማሰር። ይኸው ነው። ችግሩ፣ ዳዶው እስኪታሰር ድረስ ያንን የተጨመቀ ሞላ የያዘው ክሪኩ ብቻ ነው። ክሪኩን ደግሞ የያዘችው እሷ።

ሞላ ካመለጠ ፊት አይመርጥም። ጭምቱ ሁልጊዜ ሰንሰለት በሞላው ውስጥ አሳልፎ ሻንሲው ላይ ያስራል፤ ቢፈናጠር እንኳ ሩቅ እንዳይሄድ። ሩቅ አይሄድም፤ ቅርብ ግን ማን አለ? እሱ። በተለይ በግድግዳው በኩል፣ ወደ ኋላ የሚሸሽበት የሌለው እሱ።

የቀኙ ጎማ ከረፋዱ በፊት በሰላም አለቀ። መታ፣ መለሰች፤ መታ፣ መለሰች። ወንድሟ የቆመችዋን ፒክአፕ ዞሮ ዞሮ አየና፣ «በአንድ በኩል ኮራች፣ በአንድ በኩል አፈረች» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወደ ግራው ሄዱ። ጭምቱ በክፍተቷ ሾልኮ ገባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ከእሷ በኩል የሚታየው የአንድ ጫማው ሶል ብቻ ነበር። ሞላው ወጣ፤ ቀለበቱ ተደረገበት፤ ሰንሰለቱ ታሰረ። ከዚያ ክንዱን ወደ ላይ መግፋት ጀመረች። አንድ ምት፤ መለሰች፤ እጀታውን ጫን። አንድ ምት፤ መለሰች፤ ጫን። ሞላው ማቃሰት ጀመረ። ቀለበቱ ስለተጨመረበት ከቀድሞው ይበልጥ ይታገላል፤ እጀታው መዳፏ ላይ ከበደ። ሁለት ምት። ቆመች።

አሁን እሱ ብሎኑን ከቀዳዳው ጋር እያጋጠመ ነው። እጁ የት እንዳለ ታውቃለች፤ በሞላውና በሻንሲው መካከል።

ወንድሟ ከጎኗ በቀኝ በኩል ባለው ፓራፋንጎ ላይ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ፣ ክንዱን አስደግፎ ይለፈልፋል። ሰውየው ዝም ማለት አያውቅም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተኛ እንኳ ያወራል።

«እታለም፣ ነገ ያንን ድንጋይ ሳልፈው ቆሜ ነው የምሰድበው። ‹እስቲ አሁን ንካኝ!› ነው የምለው። ይቺ እኮ መኪና አይደለችም...»

«ቆይ አንዴ» አለችው።

«...ይቺ ብረት ናት፣ ብረት!» አለና የጋብቻ ቀለበት ባለበት እጁ ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ጠበጠበ።

ጆሮዋ ግማሹ ከእሱ ወሬ ጋር ነበር። እጇ ግን ለዓመታት የለመደውን አደረገ። እጀታውን ወደ ግራ፣ ወደ ማውረጃው ጠመዘዘችው። ሳትመልስ።

ዘይቱ «ሽስስ» ሲል፣ ክንዱ ዝቅ ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ገባት። ድምፁ የመዶሻ አልነበረም። ከግራም አልመጣም። እጀታውን መልሳ ዘጋችው። ክሪኩ ቆመ። ከግድግዳው በኩል አንድ ነገር ከባድ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ መዶሻ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ምንም።

«ምን ሆነ?» አለ ወንድሟ።

እሷ ተንደርድራ ክፍተቷ አፍ ላይ ተንበረከከችና አንገቷን አስገባች።

ሞላው ከሥሩ ተንሸራቶ ወደ ውጪ ጎብጧል፤ ሊወልድ እንደ ደረሰ ሆድ። የባሏ ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች በሞላውና በሻንሲው መካከል ተጣብቋል። ፊቱ ከሞላው በስንዝር ርቀት ላይ ነው። አልጮኸም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ያያታል።

በከንፈሯ «ላንሳው?» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከፍ ካደረገችው ሞላው ይበልጥ ይጎብጣል፤ አጥንቱን ይፈጨዋል። ይህን እሷም አወቀች። ሌላ የቀረው ማውረድ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞላው መዝለሉ አይቀርም፤ ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ድረስ። ሰንሰለቱ የሚፈቅድለት ቦታ ውስጥ የባሏ ፊት አለ።

«ላውርደው?» አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ቃሉ የተነበበላት አልመሰላትም። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እሺ። በግራ እጁ የሥራ ካፖርቱን ወደ ላይ ስቦ ራሱን ሸፈነ፤ ፊቱን የቻለውን ያህል ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚህ በኋላ ከንፈሯን አያይም።

ወደ ጣሳዋ ተመለሰች። «መሬት ተኛ» አለችው ወንድሟን። «በሥር እጁን ታየዋለህ። ሲላቀቅ ‹ወጣ› በለኝ። ከዚያች ቃል ሌላ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እህት የለህም።»

ወንድሟ ወዲያው ዘይቱ ላይ በሆዱ ተኛ።

ቁልፉን አነሳች፤ ሻንሲውን ሦስት ጊዜ መታች። ይህ የእሱ ምት ነበር፤ እሷ መትታው አታውቅም። ጠበቀች። ከግድግዳው በኩል አንድ የመዳፍ ምት ብረቱን አልፎ መጣ። ደካማ ነው፤ ግን የእሱ ነው። ከእሱ በቀር ማንም እንዲያ አይመታም፤ ከሺህ መዳፍ መካከል ትለየዋለች። እንዴት ቅድም ሳትለየው ቀረች?

እጀታውን የፀጉር ያህል አዞረችው። ዘይቱ ተነፈሰ። ዘጋችው። እንደገና የፀጉር ያህል። በስፌት ዘመኗ ሐር ስትሰፋ እንዲህ ነበር፤ የስፌት መኪናው የሚሄድ ሳይመስል ይሄዳል። ሞላው ቃ አለ። አንድ ጊዜ ወንድሟ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ወጣ!»

ወዲያው ሞላው ዘለለ። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ጮኸ፤ ግድግዳው ተመታ፤ የተፈረፈረ ልስን መሬት ላይ ዘነበ። እሷ ከጣሳዋ ዘላ ተነሳች።

ጭምቱ በክፍተቷ በኩል እየዳኸ ወጣ። ካፖርቱ ላይ ነጭ አቧራ ሞልቷል። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ ቆዳው ተልጧል፣ አንጓው ማበጥ ጀምሯል። ፊቱ ደህና ነው። ቀና አለና፣ መንገደኛ ሁሉ በሰማው ድምፅ፣ ስንት ዓመት የተጠራቀመ በሚመስል ድምፅ፦

«ማነው የመታው?!»

ጎረቤቱ ባለ ሱቅ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሁለት መንገደኞች ቆሙ። ወንድሟ ከመሬት ተነስቶ፣ ሆዱ በዘይት ተለቅልቆ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ።

«እኔ ነኝ... ማለቴ ቆርቆሮውን ነው... እታለም፣ ጋሼ ለምን ይጮኻል?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አሞት ነው፣ ደንግጦ ነው ማለት ይቻላል። ግን ያ ሁሉ አደጋ የመጣው፣ ሰው እንዳያውቅ ሲባል እንደሆነ ታያት።

«ስለማይሰማ ነው» አለች። «አይሰማም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ። የምንነጋገረው በመምታት ነው። አንተ የመታኸው ‹አውርጂ› ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ሳልመልስለት ለቀቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንድሟ እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሳ፤ የጋለ ምጣድ የነካ ይመስል። ከዚያ በቀስታ፦

«ታዲያ ቀልዴን ሁሉ ሳይሰማ ነው የሚስቅልኝ?»

«አንተ ስትስቅ እያየ ነው።»

ወንድሟ ፊቱን አዞረና ዓይኑን በዘይታም ክንዱ ጠረገ። የባሰ ለቀለቀው።

የጭምቱ አንጓ ተሰንጥቆ ኖሮ እጁ በጀሶ ታሰረ። ፒክአፑ በአንድ በኩል ኮርታ፣ በአንድ በኩል ሞላዋን በሰንሰለት አንጠልጥላ ቤቱን ዘግታ ቀረች። ሰፈሩ አወቀ። አንዳንዱ ደንበኛ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመረ። አንዳንዱ ደግሞ፣ እንደዚያ የታክሲ ሹፌር ያለው፣ መጥቶ የጭምቱን መዳፍ እያገላበጠ አየው።

«ሌላ መካኒክ ልጥራ?» አለ ወንድሟ በሳምንቱ።

«እኔ እገባለሁ» አለች።

ባሏ ከንፈሯን አነበበና «አይሆንም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ነገረችው። ሁለተኛ ነቀነቀ። ማታ ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ ሳይሰጠው፣ «እኔስ ብሳሳት?» አለ።

ለካ የፈራው ለእሷ እጅ ብቻ አልነበረም፤ እጀታውን ለመያዝም ነው። እሷ ዓመታት በየቀኑ የያዘችውን ፍርሃት እሱ ገና አሁን ቀመሰው።

«እኔ ተሳስቼ የለ?» አለችው። «ይኸው አብረን እየበላን ነው።»

በማግሥቱ በክፍተቷ ገባች። በጎኗ ሾለከች፤ ቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ለብሳለች። ግድግዳው ጀርባዋን ቀዘቀዛት። ስንት ዓመት ከዚያ ማዶ ሆና የሰማችውን ቦታ ስታየው ከጠበቀችው ይጠባል፤ ሞላውም ከጠበቀችው ይገዝፋል። ሰንሰለቱን አሰረች፣ ጎተተችው፣ እንደገና አሰረችው። ከፊት በኩል ጭምቱ ጣሳው ላይ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ እጀታው ላይ፣ ከጀሶው የወጡት የቀኝ ጣቶቹ ሻንሲው ላይ። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ መንገደኛ ያባርራል፤ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ቀብሯል።

አንዴ መታች። ከፊት መልሱ መጣ። ክንዱ ከፍ አለ። መታች፤ መለሰ። ሞላው አቃሰተ፤ ትንፋሹ የብረትና የቅባት ሽታ ሆኖ ፊቷ ላይ መጣ። ሁለቴ መታች። ቆመ። ብሎኑ ከቀዳዳው በጣት ስፋት ያህል ሸሽቷል። በሊቨር፣ በረጅሙ የብረት ዘንግ፣ ገፋችው፤ አልሄደም። እጇን ማስገባት ነበረባት። እዚያው፣ የእሱ እጅ በነበረበት።

አስገባች።

ብሎኑ ገባ። ዳዶውን በጣቷ ጀመረችው፤ ጥርሱን ሳተ፤ እንደገና ጀመረችው፤ ያዘ። በቁልፍ አጠበቀችው፤ እጇ እስኪዝል። መቆለፊያ ሽቦውን አስገብታ ጫፉን አጠፈችው። እጇን አወጣች። ከዚያ ሦስቴ መታች።

መልስ የለም።

ከውጪ የአንድ ሞተር ብስክሌት ድምፅ አለፈ። ጠበቀች። ደግማ ልትመታ ቁልፉን አነሳች፤ ተወችው። ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ነው፤ ለስድስት ቃል የላቸውም። ወንድሟ በሩ ላይ ትንፋሹን እንደዋጠ ታውቃለች። ባሏ ጣሳው ላይ፣ ጣቶቹ ብረቱ ላይ፣ የመጣው የእሷ ይሁን የመንገዱ እንደማያውቅ ገባት፤ ሞተር ብስክሌቱ ሻንሲውን አንቀጥቅጦታል። እና እጁን አላንቀሳቀሰም። እሷ ያላደረገችውን እያደረገ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ርቆ ጠፋ። ያኔ እንደገና መታች። ሦስቴ፣ ረጋ አድርጋ።

አንድ መልስ መጣ።

ክሪኩ ወረደ። ክንዱ የሞላውን ግፊት ተቀበለ፤ ሞላው በረጅሙ ተነፈሰና ተቀመጠ። ምንም አልዘለለም። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

«እታለም፣ አለቀ?» አለ ወንድሟ ከበሩ።

«ገና ነው። የፍሬኑን ቱቦ ላየው መሪውን ጠምዝዘው። በእጅህ ግን ሌላ ነገር አትንካ!»

ወዲያው ከፊት በኩል የባሏ ድምፅ መጣ፤ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ እስኪሰማ ድረስ ከፍ ብሎ፣ ጭንቀቱን መደበቅ ሳይችል፦

«ያዘ?»

«ያዘ!» ብላ ጮኸች እሷም፣ እንደማይሰማ ረስታው። መሪውን ሊጠመዝዝ ገና የገባው ወንድሟ ግን ዘሎ ወረደና ጭምቱ ፊት ሄዶ ቆመ፤ «ያዘ» ለማለት ጡጫውን ጨብጦ አጥብቆ አሳየው።